ከዝርዝሩ የወደቁት

«እናቴ ራሷ ረስታው ነው፤ እኔ ምን ላድርግ? ዕድሜ ነው፣ ዕድሜ ሲጫን ሰው እንዲህ ይሆናል» ሲል ወንድሟን ሰማችው፤ በሩ በተዘጋው ውስጠኛ ክፍል ሆኖ፣ ለእጮኛው በስልክ። መርፌ የሚሏት እህቱ የጥርስ ብሩሹን አፏ ውስጥ እንደሰካች ቀረች። እናቷ በውጭኛው ክፍል፣ ሌሊት አልጋ ቀን ጠረጴዛ በሚሆነው ጣውላ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አዝራር በየመጠኑ እየለየች ነበር። እሷም ሰምታለች፤ ግድግዳው እንደሆነ ሳል እንኳን አያስቀር። እጇ አንዲት ጥቁር የኮት አዝራር ላይ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ አዝራሯን ከመሰሎቿ ጋር ጨመረችና ምንም እንዳልተባለ ቀጠለች። መርፌን ያበገናት ወንድሟ ያለው ነገር አልነበረም፤ እሱ ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ያበገናት የእናቷ ዝምታ ነው።

ነገሩ ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው የፈነዳው። አሮጌው ገበያ ሊፈርስ ነው፤ ነጋዴው ሁሉ አዲሱ ፎቅ ላይ ቦታ እንዲሰጠው የማረጋገጫ ቅጽ ሞልቶ ለገበያው አስተዳደር እንዲመልስ ተነግሮት ነበር። ቅጽ የመለሱት ሰዎች ዝርዝር ትናንት በአስተዳደሩ የብረት በር ላይ ሲለጠፍ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ክርና አዝራር የሸጠችው ሴት ስም አልነበረም። ቅሬታ የሚቀበሉት እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ሰኞ ዕጣ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የወደቀ ወደቀ። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ በአስተዳደሩ መረጃ ክፍል የሚሠራው የገዛ ልጇ ነው። ኢንጂነሩ። ይህን ስም ያወጣችለት እናቱ ናት፣ ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ፤ ሰፈሩም ተቀብሎ አጸደቀው። ለሴት ልጇ ስም ያወጣላት ሰፈሩ ራሱ ነው። መርፌ ያሏት እናቷ የስፌት ዕቃ ስለምትሸጥ ነው የሚሉ አሉ፤ ምላሷ የነካቸው ሰዎች ግን ሌላ ምክንያት ይሰጣሉ።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ በር ያለው የእሱ፣ በር የሌለው የእናትና የልጅ። ሸሚዙ ተተኩሶ ወንበር ላይ ይጠብቀዋል፤ እንቁላሉ ተጠብሶ፣ ሳህን ተደፍቶበት ይጠብቀዋል፤ ለመርፌ የሚደርሳት መጥበሻው ነው፣ ያውም ለማጠብ። እሱን ለማስተማር እናትየዋ ስንት ሺህ ሜትር ክር እንደሸጠች የሚያውቅ የለም። እሷን ለማስተማር የተረፈ ክር አልነበረም፤ ስለዚህ ራሷን አስተማረች፣ ማንንም አላመሰገነችም።

«እማ፣ ረሳሁ ብለሽዋል?»

«ተዪኝ እስቲ በጠዋቱ።»

«ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቁጭ ብለሽ አስገብቻለሁ አላልሽኝም?»

«አስገብቼ ይሆናል፣ ረስቼም ይሆናል። ሰው አይደለሁ?»

ይህች ሴት ከስምንት ወር በፊት የትኛው ልብስ ሰፊ የትኛውን ሰማያዊ ክር እንደወሰደ፣ ሰማያዊውም ከሦስቱ ሰማያዊዎች የትኛው እንደሆነ በቃሏ የምትናገር ናት። «ረስቼም ይሆናል» ከእሷ አፍ ሲወጣ መርፌ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ልትቀጥል ስትል በሩ ተከፈተና ኢንጂነሩ ሽቶውን አስቀድሞ ወጣ።

«ምን ትገተሪያለሽ መንገድ ላይ?»

«ዝርዝሩን የሠራኸው አንተ አይደለህ? የእማ ስም የት ገባ?»

«ማሽን ነው የሠራው። ቅጽ ያላስገባ ሰው አይወጣም፣ አለቀ። አንቺ ደብዳቤሽን ጻፊ።»

እንቁላሉን ቆሞ በላ። እናቱ የሸሚዙን ኮሌታ ከኋላ አቃናችለት። ሦስቱም ሳይተያዩ ወጡ፤ እሱ በታክሲ፣ እናት ወደ ገበያው፣ መርፌ በእግሯ።

የምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ከአስተዳደሩ በር ፊት ለፊት ነው፤ ሁለት ሜትር በሦስት፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ኮፒ ማሽን፣ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ከማዘዋወር ሌላ ሥራ የሌለው አንድ ማራገቢያ። ባለቤቱን ጋሽ ቶነር ይሏቸዋል፤ ጣታቸው ጠቁሮ ከመቅረቱ የተነሳ የጨበጡት ሰው ሁሉ እጁን ያያል። ትናንት አንድ ገጽ ደብዳቤ በአሥር ነበር። ዛሬ ካርቶን ላይ «15» ብለው ጽፈው ሰቅለዋል፣ ከሥሩም «ቅሬታ ብቻ»። ሰልፉ ከበሩ ተነስቶ እስከ ጫማ ጠጋኙ ድረስ ይሄዳል። ከመንገዱ ማዶ፣ በብረቱ በር ላይ፣ አሥራ ዘጠኝ ገጽ ዝርዝር በፕላስተር ተለጥፎ ሰው በጣቱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ታች ሲደርስ የሚያጣውን ፍለጋ እንደገና ከላይ ይጀምራል።

«ዛሬስ ዘነበልን» አሉ ጋሽ ቶነር፣ ወረቀት እየጫኑ።

«በሰው ላይ ነው የዘነበው።»

«ሰው ሲረጥብ ጃንጥላ የሚሸጥ አይኮነንም። ጻፊ አንቺ።»

ጻፈች። ሰዓት ጠጋኙ «ያለጥፋቴ ብለሽ ጀምሪልኝ» አላት። ሰልባጅ ጫማ የምትሸጠው ወፍራም ሴትዮ ደግሞ በእሱ ትከሻ ላይ ተንጠልጥላ፣ «ለእኔ ‹በታላቅ ሐዘን› በይልኝ» አለች። መርፌ «ሰው ሞቶብሻል?» ስትላት «ሱቄ!» ብላ ጮኸች፤ ሰልፉ ሳቀ፣ ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ቅጹን ሲመልሱ የተቆረጠላቸው ደረሰኝ ቁጥርና ቀን መጠቀስ ስላለበት፣ መርፌ ከእያንዳንዱ ሰው እጅ ያችን የተጨማደደች ቢጫ ወረቀት እየተቀበለች ትገለብጣለች። አሥራ ስምንት። ሃያ። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። ሃያ። ዘጠነኛው ደብዳቤ ላይ መተየቧን አቆመች። ቅጽ ሲሰበሰብ የከረመው ከወሩ መጀመሪያ እስከ ሃያ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ግን ሁሉም በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት የመጡ ናቸው። ወንበሯ ላይ ቆማ ወደ ሰልፉ «ከአሥራ ስምንት በፊት ቅጽ የመለሰ አለ?» ብላ ጠየቀች። ተያዩ። አንድ እጅ አልወጣም። መታወቂያውን ኮፒ ሊያደርግ የመጣው ድንች ሻጭ ብቻ «እኔ በአራት ነው ያስገባሁት፣ ግን ስሜ አለ» አለ፤ ይቅርታ በሚመስል ድምፅ።

ያን ጊዜ ነው የገባት። የገባትም እሷ ራሷ አምና ያንኑ ጉድጓድ ስለገባችበት ነው። የአንድ ትምህርት ቤት መታወቂያ ስትሠራ የተማሪዎቹ ስም በአንድ ፋይል፣ የፎቶአቸው ቁጥር በሌላ ፋይል መጣላት፤ ሁለቱን ለማገናኘት ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር ስክሪን ከፍታ ትእዛዝ በትእዛዝ፣ መዝገበ ቃላት ጭኗ ላይ አድርጋ ተማረች። ጆይን የሚባል ትእዛዝ አለ። ሁለት ዝርዝር ይሰጡታል፤ በሁለቱም ውስጥ አንድ ዓይነት ቁጥር ያለበትን መስመር እየፈለገ ጎን ለጎን ያጣብቃል። ፈጣን ነው፣ ግን ሞኝ ነው። በሁለት ጣት እንደሚሠራ ሰው ነው፤ አንዱን ጣት በአንደኛው ዝርዝር፣ ሌላውን በሁለተኛው ላይ አድርጎ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቁጥሮቹ ሲገጥሙ ያጣብቃል፣ አንዴ ያለፈውን ግን ዞሮ አያይም። ስለዚህ ሁለቱም ዝርዝሮች አስቀድመው በቁጥራቸው ቅደም ተከተል መደርደር አለባቸው። ዘግይቶ የመጣን ሰው ቦታው ሳያስገቡ ከታች ከቀጠሉት፣ ጣቱ እሱ ጋ ሲደርስ ቁጥሩ በሌላኛው ዝርዝር ላይ ከታለፈ ቆይቷል። አይገጥምም። ያልገጠመውን ደግሞ ትእዛዙ ዝም ብሎ ይጥለዋል፤ እገሌን ጣልኩ ብሎ አይናገርም። አምና አሥራ ሰባት ልጆች እንደዚህ ሆነው ያለመታወቂያ ቀርተው፣ ርዕሰ መምህሩ በተማሪ ፊት «ታይፒስት!» ብሎ ሰድቧታል። ስድቡን አልረሳችውም፤ ትምህርቱንም።

ኢንጂነሩ በዚህ ሳምንት እራት ላይ «የነጋዴውን ፈቃድና የተመለሱትን ቅጾች አገናኝቼ በአንድ መስመር ጨረስኩት» ብሎ ሲኩራራ ትዝ አላት። በአንድ መስመር! እማም እንግዲህ ከእነዚህ ከታች ከተቀጠሉት አንዷ ናት፤ በመጨረሻው ቀን አስገብታ፣ ደረሰኙንም የሆነ ቦታ ጥላው ይሆናል፤ ሌላ ምን ይሆናል?

«ደብዳቤ አያስፈልጋችሁም» አለች ወደ ሰልፉ። «ደረሰኛችሁን ስጡኝ፣ ኮፒ ላድርገው።»

ጋሽ ቶነር የወረቀት ጥቅሉን ጣሉት። «ምን ነካሽ? ይህን ያህል ሰው ቆሞ?»

«ሁሉም ያለባቸው አንድ በሽታ ነው።»

«የእኔም ገበያ እሱው ነው! ወጥተሽ ከሄድሽ አትመለሺ፣ እነግርሻለሁ።»

«የኮፒውን ከደሞዜ ይቁረጡት» አለችና ሠላሳ አራት ደረሰኝ ኮፒ አድርጋ መንገዱን ተሻገረች። ከኋላዋ ሰልፉ አጉረመረመ፤ ግማሹ መረቃት፣ ግማሹ ተራውን እንዳያጣ ፈርቶ ረገማት።

በሩ ላይ ዘበኛው ክንዱን ዘረጋ። «ቅሬታ በመስኮት ነው።»

«ቅሬታ አይደለም ያመጣሁት፣ መልስ ነው» አለችው። ዘበኛው ይህን ዓይነት ባለጉዳይ አጋጥሞት ስለማያውቅ ክንዱን አወረደ።

መረጃ ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ በአቧራ የደበዘዘ መስኮት፣ መነሻው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚጮህ ስልክ። ኃላፊዋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ደረቅ ሴት፣ በኢንጂነሩ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ስልኩን ታነሳለች፣ «እናጣራለን» ትላለች፣ ትዘጋለች፤ ወዲያው ደግሞ ይጮሃል። ኢንጂነሩ እህቱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ከዚያ ፈገግ አለ፣ ለእሷ ሳይሆን ለኃላፊዋ።

«ይቺ ማናት?»

«እህቴ ናት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እታች ታይፕ ነው የምትሠራው። ስለዚህ ነገር የምታውቀው የለም።»

መርፌ ሠላሳ አራቱን ኮፒ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። «እትዬ፣ ቀኑን ብቻ ይዩልኝ» አለች። ኃላፊዋ መነጽሯን አወረደች። አየች፣ አገላበጠች፣ መጨረሻ ላይ ስልኩ ሲጮህ እንኳ አላነሳችም። «ሠላሳ አራቱም?» አለች። ከዚያ ኢንጂነሩን «ተነሳ» አለችው። አልተነሳም። «ከወንበሩ ላይ ተነሳ አልኩህ» ስትል ነው የተነሳው፤ ሲነሳም ወንበሩን በእግሩ ገፋው፣ ለእህቱ እንዲርቃት።

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ቀድሞ የተሰጡ ትእዛዞችን የሚመልሰውን ቁልፍ ተጫነች፤ የወንድሟ «አንድ መስመር» ወጣች። አነበበቻት። ሶርት የለ፣ መደርደር የለ። ይባስ ብሎ ከመስመሩ መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ጭራ አለች፤ ማሽኑ የሚናገረውን ማስጠንቀቂያ ሁሉ የትም እንዳይታይ ወደ ባዶ የምትደፋ ጭራ። ጭራዋን ቆርጣ ያንኑ ትእዛዝ እንደገና ሰጠችው። ማሽኑ ወዲያው ተናገረ፤ ከአንድ ሺህ አንድ መቶ አሥረኛው መስመር ጀምሮ ሁለተኛው ፋይል በቅደም ተከተል አይደለም አለ። ኃላፊዋ ጎንበስ ብላ አነበበችው።

«ይህን አይተኸዋል?»

«ማስጠንቀቂያ እኮ ነው፣ ስህተት አይደለም» አለ ኢንጂነሩ።

«ማሽኑ ነግሮሃል፤ አፉን ያፈንከው አንተ ነህ» አለች መርፌ። ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ደስታ ለራሷም አስጠላት፤ ግን አልደበቀችውም። ሁለቱንም ፋይሎች ደረደረች፣ እንደገና አገናኘች፣ መስመሮቹን አስቆጠረች። ትናንት አንድ ሺህ አንድ መቶ ዘጠኝ የነበረው፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ሆነ። ኃላፊዋ በከንፈሯ ቀነሰች። «ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ሰው» አለች ቀስ ብላ፤ ከዚያ ለኢንጂነሩ «ከአንተ ጋር ሰኞ እንነጋገራለን፣ አሁን አሳትመው» ብላ አለቆቿ ጋ ለመደወል ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

እህትና ወንድም ብቻቸውን ቀሩ። ማተሚያው ማጓራት ጀመረ። መርፌ በአዲሱ ዝርዝር ውስጥ የእናቷን የፈቃድ ቁጥር ፈለገች፤ ዜሮ አራት መቶ አሥራ ሰባት። ባዶ። በስህተት የተጫነች መስሏት ደገመችው። ባዶ። በፈቃዶቹ ፋይል ውስጥ ፈለገች፤ አለች፣ ከሱቁ ስፋት ጋር፣ ሦስት ካሬ። ቅጽ በመለሱት ፋይል ውስጥ ፈለገች፤ ከላይም የለች፣ ከታች ከተቀጠሉትም ውስጥ የለች። የጣላት የማሽኑ ጣት አልነበረም። መጀመሪያውኑ ያልተጻፈችን ሰው ማን ሊጥላት ይችላል? መርፌ ቀስ ብላ ዞረች። ኢንጂነሩ የታችኛውን መሳቢያ እያየ ነበር፤ እሷን ሳይሆን መሳቢያውን። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሳበው። ከቻርጀር ገመዶች ሥር፣ ለአራት ታጥፎ፣ የእናታቸው የአውራ ጣት አሻራ ያለበት ቅጽ ወጣ።

«ልሰለፍ እንዴ፣ ልጅ እያለኝ አለችኝ» አለ። «እኔ አስገባልሻለሁ ብዬ ተቀበልኳት። ሥራ በዛብኝ። ረሳሁት፣ በቃ።»

«ጠዋት ለእጮኛህ የነገርካት ሌላ ነው።»

«ስሚኝ። አንድ መስመር ናት። ወንበሩ ላይ ነሽ፤ ጨምሪያት። ማን ያያል?»

አንድ መስመር ናት። አራት ቁጥር፣ አንድ ቀን፣ አንድ አስገባ የሚል ቁልፍ፤ እጇ እዚያው ነው። ተመኘችው፣ አልዋሸችም ለራሷ። ግን ደረሰኝ የሚቆረጥበት ጥራዝ ጉርድ አለው፤ ጉርዱን የሚቆጥር ሰው ደግሞ አይጠፋም። «ነገ አንድ ሰው ትርፍ ቢገኝ» አለችው፣ «ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱንም ወንድምና እህት በጓዳ ያስገቧቸው ናቸው ይሏቸዋል። ሰዓት ጠጋኙን ሄደህ ታስረዳዋለህ?» ቅጹን ከእጁ ነጥቃ ተነሳች። «አንቺ ለእናትሽ አንዲት መስመር ታጪ?» አለ ከኋላዋ፤ በሹክሹክታ፣ ግን በጥርሱ። ደረጃውን ወረደች፤ እሱም ተከተላት፣ ሦስት ደረጃ ርቆ።

ታች፣ ቅሬታ መስኮቱ ጋ፣ እናታቸው ደርሳለች። አዲስ ዝርዝር ሊወጣ ነው የሚለው ወሬ ገበያውን ሞልቶት፣ ሱቋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ መጥታ ነው። መርፌ ቅጹን ስታሳያት አልደነገጠችም። የታጠፈውን ወረቀት አየችው፣ ወንድ ልጇን አየችው፣ ዓይኗን ሰበረች። መርፌ ያን ጊዜ የጠዋቱን ዝምታ ተረዳችው፤ ሴትዮዋ ለማን እንደሰጠችው ከመጀመሪያው ታውቃለች፤ ሲሰድባትም እያወቀች ነው ያዳመጠችው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ይላል።

የመስኮቱ ሰውዬ፣ ማኅተሙን እንደ ማንኪያ የሚይዝ አዛውንት፣ ቅጹን ገለባብጦ ወደ እናትየዋ መለሰ። «ጊዜው አልፎበታል፣ ግን መንገድ አለው» አለ። «ቅጹን አምነው ለሰው ሰጥተው ከሆነ፣ የተቀበለው ሰው ጽፎ ይፈርማል። የተቀበለው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ከሆነ ሠራተኛው ይጠየቅበታል።»

«ይጠየቅበታል ማለት?» አለች እናትየዋ።

«ከመስኮት ውጭ ቅጽ መቀበል ክልክል ነው፣ እናቴ። ባለፈው ወር አንዱን አባረውበታል። ሠራተኛ ካልሆነ ግን ወኪል ይባላል፤ ‹ወስጄ ሳላስገባ ረሳሁ› ብሎ ይፈርማል፣ ወረቀቱም ተቃዋሚ ካለ ተብሎ በሩ ላይ ሦስት ቀን ይለጠፋል፤ እርስዎ ዕጣው ውስጥ ይገባሉ። እና ማን ነው የተቀበለዎት?»

«ልጄ።»

«የትኛው?» አለ ሰውዬው፣ ሁለቱንም እያየ።

መርፌ ጠበቀች። ኢንጂነሩ ከደረጃው ሥር ቆሞ፣ የሸሚዙን እጅጌ ቁልፍ ይፈታል፣ ይቆልፋል። ከኋላቸው ሰልፉ ቆሟል፤ ሰዓት ጠጋኙ አለ፣ ጫማ ሻጯ አለች፣ ጠዋት በመርፌ እጅ ደረሰኛቸውን የሰጡ ሰዎች ሁሉ አሉ፤ እስከ አሁን «ስህተቱን ያገኘችው ያቺ ልጅ ናት» እያሉ ለማያውቃት ሲያሳዩ የነበሩ። እናትየዋ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ የሚጠረግ ነገር አልነበረውም።

«ሴቷ ናት» አለች።

ሰውዬው ብዕሩን በመስኮቱ ቀዳዳ አሾለከ። መርፌ አይደለሁም ብትል፣ ወንድሟ በሰው ፊት ይወጣል፣ ከሥራውም ይወጣል፤ ዝም ብላ ብትሄድ ሦስት ካሬዋ ሱቅ ከነአዝራሯ ትፈርሳለች። እናቷ ወደ እሷ አላየችም። ሰዓቱን ነው የምታየው። መርፌ ብዕሩን አነሳች። ደብዳቤ መጻፍ ሥራዋ ነው፤ ስድስት መስመር ሳትሰርዝ ጻፈች። እናቴ በእምነት የሰጠችኝን ቅጽ በራሴ ዝርክርክነት ሳላስገባ ቀርቻለሁ። ፈረመች።

«ምስክር» አለ ሰውዬው። «ቅጹን እሷ ስትወስድ ያየ አንድ ሰው።»

ኢንጂነሩ ከደረጃው ሥር ቀድሞ ደረሰ፤ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ፈጥኖ አልተራመደም። እህቱ ይዛው የነበረውን ብዕር ከእጇ ተቀብሎ፣ በዚያ ባማረ፣ ጭራው በተጠቀለለ ፊርማው ፈረመ። ሲፈርምም ሰልፉ እንዲሰማ አድርጎ፣ «ሁለተኛ እንዳትረሺ» አላት።

ሁለት ኮፒ ያስፈልጋል ተባለ። ኮፒ ቤት ደግሞ አንድ ብቻ ነው ያለው። መርፌ መንገዱን ተሻግራ ወረቀቱን ጋሽ ቶነር ፊት አስቀመጠች። አነበቡት። እንደገና አነበቡት፤ ጥቁር ጣታቸው ከስሟ ሥር ቆመ። «አንቺው ነሽ እንዴ የረሳሽው?» አሉ። «የሰውን ሁሉ ስም ስትለቅሚ ውለሽ፣ የእናትሽን?»

«ሁለት ኮፒ» አለች መርፌ።

«አሥራ አምስት አሥራ አምስት ነው» አሉ ጋሽ ቶነር፤ «ቅሬታ ነው መቼም።»

ከፈለች። ሰውዬው ማኅተሙን ሲመታ ለአሥራ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ኢንጂነሩ ሥራ አለኝ ብሎ ወደ ላይ ወጥቷል። እናትና ልጅ በሩ ላይ ቆሙ፤ ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱ ሰዎች በአዲሱ ዝርዝር ዙሪያ ይጋፋሉ፣ ስሙን ያገኘ ይጮሃል፣ አንዷ እንዲያውም ወረቀቱን ሳመችው። ማንም ወደ መርፌ አልመጣም። ጫማ ሻጯ ከሩቅ አየቻትና ከጎኗ ለቆመችው ሴት በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት፤ ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

እናትየዋ የመርፌን ክንድ ነካች፤ መንካት የለመደ እጅ አልነበረም።

«አትቀየሚኝ» አለች። «እሱ ከሥራ ቢወጣ ይሰበራል። አንቺ አትሰበሪም።»

«ማን ነገረሽ?»

እናትየዋ ወደ ብረቱ በር ተመለከተች። ከአጠገባቸው ዘበኛው ፕላስተር በጥርሱ እየቆረጠ መርፌ የፈረመችውን ወረቀት ብረቱ ላይ መለጠፍ ጀምሯል። መርፌ ክንዷን አላስለቀቀችም፣ ወደ እናቷም አልዞረችም። መልሱን ቆማ ጠበቀች፤ ዘበኛው አራተኛውን ማዕዘን ለጥፎ፣ በመዳፉ አስተካክሎ እስኪሄድ ድረስ ጠበቀች።